ከአረብ ብረት እስከ ባሌስትራ፤ የአንዲት ትንሽ ቢላ ታሪክ

ቢላ ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ? እጀታውን? ማብረቅረቁን? ወይስ ሻጩ "ጀርመን ነው፣ ኦርጅናል!" ሲላችሁ አምናችሁ ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ?

ጥያቄው የተወለደው ሰሞኑን በእኛ በጓደኛሞቹ መሀል ጦፎ ከሰነበተ ክርክር ነው። አንዷ ጓደኛችን ከውጭ አገር ዘመድ የተላከላትን የስዊድን ቢላ ይዛ መጣች። መዳፍ የምታህል፣ የማትታጠፍ፣ የእንጨት እጀታ ያላት ቢላ ናት። ወደ ብርሃን ሲያዘነብሏት ከጫፏ እስከ እጀታዋ የምትሄድ ቀጭን መስመር ትታያለች። ሁለት ዓይነት ብረት የተገናኙበት ወሰን ነው። ሌላው ጓደኛችን በበኩሉ ከአቃቂ ገበያ የገዛትን ካራ ከጋዜጣ ጥቅል ውስጥ አወጣ። ጥቁር ናት። የመዶሻው ምልክት ጀርባዋ ላይ እንዳለ ቀርቷል። ከአንድ ብረት ብቻ፣ ከከባድ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጣ የተሠራች ናት።

"የትኛዋ ትሻላለች?" ተባለ። ሽንኩርት ተከተፈ፣ ካርቶን ተቀደደ፣ ጥሬ ሥጋ ተቆረጠ (ይሄኛውን ሙከራ ደጋግመን ካልሠራነው ያላለ የለም)። ውጤቱ ግን ክርክሩን አላበረደውም። የስዊድኗ ደጋፊዎች "ሁለት ብረት ከአንድ ይበልጣል፣ ሒሳብ ነው" አሉ። የአቃቂዋ ደጋፊዎች "ድርብ ያስፈለገው አንዱ ስላልበቃ ነው" ብለው መለሱ።

እኛም ነገሩን ስናገላብጠው ሁለቱም ወገን ከእውነቱ ቁራጭ ቁራጭ እንደያዘ ደረስንበት። አንድ ቢላ ከአንድ ብረት ወይም ከሁለት የሚሠራው ሠሪው ስለፈለገ ብቻ አይደለም። በአገሩ አረብ ብረት ምን ያህል ብርቅ እንደነበር፣ ብረት የሚሠራውም ሰው ምን ያህል ይከበር እንደነበር ቢላው ራሱ ይናገራል። ዛሬ የምናወጋችሁ ይህንኑ ነው።

ነጠላና ድርብ

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ንጹህ ብረት ለስላሳ ነው። ስለት ቢያወጡለትም ቶሎ ይዶለዱማል። ብረቱ ውስጥ ጥቂት ካርቦን ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከመቶ 0.6 እስከ 1 ገደማ ካርቦን ያለው ብረት እስኪቀላ ግሎ በድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር እንደ መስታወት ይጠነክራል። ዘመናዊው ሰው ስቲል የሚለው፣ አማርኛችን ደግሞ አረብ ብረት የሚለው ይህንን ነው።

ችግሩ እንደ መስታወት የጠነከረ ነገር እንደ መስታወት መሰበሩም አይቀርም። ለስላሳ ብረት ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፣ ግን ስለት አይይዝም። ጠንካራው ስለት ይይዛል፣ ግን ጠርዙ ይሸረፋል፤ ሲብስም ለሁለት ይከፈላል። ብረት ሠሪ በየትኛውም አገር ሲጨነቅበት የኖረው ይህ ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው ድርብ ብረት ነው። ቀጭን ጠንካራ ብረት መሀል ይደረግና በሁለት ለስላሳ ብረት ይታቀፋል፣ ወይም ጠንካራው በአንድ ጎን ብቻ ይለበጣል። ሁሉም ወደ ነጭነት እስኪጠጋ ይግላል (ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ማለት ነው)፤ ቆሻሻው እንዲወጣ ቦራክስ ወይም አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ከዚያ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አንድ አካል ይሆናል። ሲሳል መሀል ያለው ጠንካራ ብረት ብቻ ብቅ ብሎ ስለት ይሆናል።

ሁለተኛው ነጠላ ብረት ነው። ቢላው ከጀርባው እስከ ስለቱ ከአንድ ብረት ይሠራል። እዚህ ላይ ሚስጥሩ ያለው እሳቱ ውስጥ ነው። ብረቱ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ከጠጣ በኋላ እንደገና በለሆሳስ እንዲሞቅ ይደረጋል። የብረቱ ገጽ ከገለባ ቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ይህ የሚሆነው ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ባለሙያው በቢጫው ላይ ካቆመው ስለቱ ጠንካራ ይሆናል፤ በሰማያዊው ላይ ካቆመው እንደ ስፕሪንግ ይለጠጣል። የስለቱ ዕጣ የሚወሰነው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ከልብስ ጋር ብናመሳስለው ነጠላና ጋቢ በሉት። ጋቢ ይሞቃል፣ ግን ነጠላ መልበስ ድህነት ነው ያለ ማን ነው?

ስለት አፍ ነው

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ከግብፅ የተነሣ ነጋዴ በቀይ ባህርና በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች ስለሚሸጠውና ስለሚገዛው ዕቃ መመሪያ ጽፏል። የታሪክ ሰዎች "የኤርትራ ባህር ፔሪፕለስ" ይሉታል። የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስ እዚያ ውስጥ አለች፤ ንጉሡ ዞስካሌስም ተጠቅሷል። ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል መጥረቢያና ሰይፍ፣ ጦር የሚሠራበት ብረት፣ እንዲሁም ከሕንድ የሚመጣ ብረትና አረብ ብረት ይገኙበታል።

ነጋዴው ለአረብ ብረት የተጠቀመበት የግሪክኛ ቃል "ስቶሞማ" ነው። የመጣው "ስቶማ" ከሚለው፣ ማለትም "አፍ" ከሚለው ቃል ነው። አፍ የሚሆን፣ ለአፍ የሚደረግ ብረት እንደማለት ነው። እኛስ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ እንል የለ? ግሪኩም አማራውም ስለትን አፍ ብለው ሲጠሩ ተገጣጥመዋል።

ቃሉ ግን ከቋንቋ ጨዋታ ያለፈ ነገር ይነግረናል። አረብ ብረት የአፍ ነገር ነበር። ውድ ስለሆነ አካሉን በሙሉ ከእርሱ መሥራት እንደ ብክነት ይቆጠራል። አካሉ ተራ ብረት ይሁን፣ አፉ ላይ ብቻ ከውዱ ቁራጭ ትደረግበት። የድርብ ቢላ ምንጩ ቁጠባ ነው ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ከተሞች በቁፋሮ የተገኙ ተራ የቤት ቢላዎች ሲመረመሩ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው፤ ለስላሳ አካል፣ ጠንካራ አፍ። የዛሬ ሰው "ልዩ ጥበብ" ብሎ የሚያደንቀውን የዚያ ዘመን እናት ሽንኩርት ትከትፍበት ነበር።

ይህ ሁኔታ የተገለበጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፉ አረብ ብረት በብዛት የሚያመርቱበትን ዘዴ አስመዘገበ። ዋጋው በብዙ እጥፍ ወረደ። ያ ብርቅ ነገር የባቡር ሐዲድ፣ ድልድይና ሚስማር ሆነ። አረብ ብረት ከረከሰ በኋላ ሁለት ብረት ለማጣበቅ የሚለፋው ማን ነው? የዓለም ቢላ በአብዛኛው ነጠላ ሆነ።

ድርቡን ያልተዉም አሉ። በስዊድን ኦስትኖር በምትባል የሞራ መንደር እ.ኤ.አ. በ1891 የተጀመረው የፍሮስት ፋብሪካ ወራሾች ለእንጨት ቀራጮች የሚሆን ድርብ ቢላ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። በጃፓን ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1876 ሕዝብ ሰይፍ ታጥቆ እንዳይሄድ ሲከለክል ከሰይፍ ሠሪዎቹ ብዙዎቹ የሰይፉን ጥበብ ይዘው ወደ ወጥ ቤት ቢላና ወደ አናጢ መሣሪያ ዞሩ። ዛሬ በኢንተርኔት የምታዩት ባለ ውድ ዋጋ የጃፓን ድርብ ቢላ የዚያ ዘር ነው።

አረብ ብረት ለምን "አረብ" ተባለ?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአገራችን ሰው ብረት ማቅለጥ ጠፍቶት አያውቅም። በዳውሮ፣ በዲሜና በሌሎችም አካባቢዎች ማዕድኑን ከመሬት አውጥቶ፣ በሸክላ ምድጃ በከሰል እያነደደ፣ በወናፍ እየነፋ ብረት የማውጣት ሙያ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ዘልቋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ምድጃ የሚወጣው ግን በአብዛኛው ለስላሳ ብረት ነው። ለማረሻና ለጦር ይበቃል። ስለት የሚይዘውን ጠንካራ ብረት ግን ሰው ከባህር ማዶ ሲጠብቅ ኖሯል። ከአዱሊስ ዘመን የሕንድ ብረት አንስቶ ዕቃው የሚመጣው በቀይ ባህር በኩል ነውና "አረብ ብረት" የሚለው ስም ራሱ የገባበትን በር የሚያሳይ ይመስላል።

ይህ ጥማት በነገሥታቱ ዘንድም ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ከፖርቱጋል ንጉሥ የጠየቁት ወታደር ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያ የሚሠሩ ባለእጆችም ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እ.ኤ.አ. በ1867 እዚያ ተሠርቶ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ሴባስቶፖል እርግጥ ነሐስ እንጂ ብረት አይደለም። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ "ከውጭ የምንገዛውን እዚሁ መሥራት እንችላለን ወይ?"

መልሱን ጎራዴው ላይ ታገኙታላችሁ። በዐፄ ምኒልክና ከእርሳቸው በኋላ በነበሩት ነገሥታት ዘመን መኳንንቱ ይታጠቋቸው ከነበሩት ጎራዴዎች የብዙዎቹ ስለት በጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ወይም በለንደኑ ዊልኪንሰን የተሠራ ነው። ሙዚየም ስትገቡ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብረቱ ላይ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ ሰገባው የአገር ቤት ቆዳ ነው። አካሉ የእኛ፣ አፉ የውጭ። ድርብ ብረት ማለት ይኸው ነው።

ስሙን የጻፈና ስሙን የተነጠቀ

እስካሁን ስለ ብረት አወራን። ስለ ሰውየው እናውራ።

የጃፓን ሰይፍ ሠሪ ሥራውን ሲጨርስ ስሙን ይቀርጻል። የሚቀርጸውም እጀታው በሚሸፍነው የብረቱ ጭራ ላይ ነው። እጀታው ሲወልቅ ስሙ ይወጣል። ሰይፉ በተሠራ በ500 ዓመቱ እንኳ ሠሪው ማን እንደነበር፣ የማን ደቀ መዝሙር እንደነበር ይታወቃል። ጎበዝ የሠራው ይወደሳል፤ ሰነፍም በስሙ ይወቀሳል።

የእኛስ ብረት ሠሪ? ስሙ እንኳን በብረት ላይ ሊጻፍ በሰፈሩም በበጎ አይነሣም ነበር። "ቀጥቃጭ" ስድብ ሆነ። "ቡዳ" ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። በብዙ አካባቢ ከእርሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር፤ ርስት የሌለውም ብዙ ነው። በጎንደር ዙሪያ በብረት ሥራና በሸክላ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ሁሉ ቀምሰውታል። አስገራሚው ነገር ሰዳቢው ገበሬ ያለ እርሱ ማረሻ አንድ ትልም መሄድ አለመቻሉ ነው። በቀን ማረሻውን ያሠራል፤ ማታ ልጁን "እንዳያይህ!" ብሎ ይሸሽጋል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን የመቶ ዓመታት ስድብ በአንድ የነጋሪት ድምፅ አይጠፋም። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ በአገራችን ቃሉ የተወጋ ባለእጅ አታጡም።

ይህ ከቢላ ምርጫ ጋር ምን አገናኘው? በጣም ይገናኛል እንጂ! ድርብም ሆነ ነጠላ፣ ጥሩ ስለት የሚወለደው ከልምድ ነው፤ ልምድም የሚያድገው ሰው በሥራው ሲጠየቅና ሲመሰገን ነው። የሠራው ቢላ ገበያ ላይ ከመቶ ሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ስም የለሽ ሲሆን፣ እሳቱ ፊት ሌላ አሥር ደቂቃ ታግሦ ቢጫውን ቀለም የጠበቀውና ያልጠበቀው እኩል ዋጋ ያገኛሉ። ታዲያ የሚታገሠው ለምኑ ብሎ ነው?

ባሌስትራ የመጣበት መንገድ

አቃቂ ቃሊቲን የምታውቁ ሁሉ የአካባቢውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። የከባድ መኪና ጥሩንባ፣ የጋራዥ መዶሻ፣ የብየዳ ብልጭታ። ወደ ደቡብም ወደ ጅቡቲም የሚሄደው ዕቃ በዚህ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ይህ የጀመረው በባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ። ከዋና ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ለዘመናት በበቅሎና በግመል ጀርባ እየተቆነጠረ ይመጣ የነበረ አረብ ብረት በፉርጎ እየተጫነ ደጃችን ደረሰ።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ መንገድ ቆፈረ፣ በመንገዱም ላይ ፊያትና ላንቺያ ነዳ። ጣሊያን ተባሮ ሲሄድ ቃላቱ ቀሩ። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፌሮ፣ ላሜራ፤ የጋራዥና የግንባታ አማርኛችን ዛሬም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ልብ በሉ፤ ከቀይ ባህር ማዶ የመጣውን "አረብ" አልነው፤ በመኪና የመጣውን በጣሊያን ስም ጠራነው። ብረታችን በየዘመኑ የገባበትን በር ስም ይዞ ይኖራል።

ባሌስትራው ታዲያ ለብረት ሠሪው ሲሳይ ሆነለት። ለምን? ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፤ እንደ ዓይነቱ ሲሊከን፣ ማንጋኒዝ ወይም ክሮም ይጨመርበታል። ሥራው ቶን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ በየጉድጓዱ እየተለጠጠ፣ ሳይሰበርና ጎብጦ ሳይቀር መመለስ ነው። የጥንት ሰው ሁለት ብረት አጣብቆ ሲፈልገው የኖረው ጠባይ ይህ አይደለምን? ጠንካራ ይሁን፣ ግን አይሰበር። መልሱን የመኪና ፋብሪካው በአንድ ብረት ውስጥ አዘጋጅቶ ሰጠው። ቁራጩ ከቆራሌው ወይም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገዛል፤ ይግላል፤ ይቀጠቀጣል፤ ካራ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያ ይሆናል።

የአገራችን ቢላ ከለስላሳው የምድጃ ብረት በቀጥታ ወደ ባሌስትራ ነጠላ ተሻገረ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። የአቃቂዋ ካራ ድርብ ሳትሆን የቀረችው ሠሪዋ አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። ድርብ እንድትሆን የሚያስገድዳት እጦት ከመኪናው ጋር ስላበቃ ነው።

መንግሥትም በተራው ሞክሯል። በደርግ ዘመን አቃቂ ላይ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ተቋቁሟል። ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. በተመሠረተው ሜቴክ ሥር ሲገባ አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ኢንዱስትሪ ተባለ። "የእጅ መሣሪያዎች" የሚለው ከስሙ ውስጥ ወጣ። ሜቴክ ራሱም ዛሬ በዚያ ስም የለም። ስሞቹ ሲፈራረቁ ከመንገድ ዳር ያለው መዶሻ ግን አላቋረጠም።

እንግዲህ የትኛውን እንግዛ?

ታሪኩን ካወቅን በኋላ ምርጫው ይቀላል። ለትንሽ፣ ለማይታጠፍ ቢላ ይሁን እንጂ። ሰይፍ ልትገዙ ከሆነ ከእኛ ጋር አትማከሩ።

ድርቡ ጥቅም አለው። ስለቱ በጣም ጠንካራ ሊደረግ ይችላል፤ ቢሸረፍ እንኳ ለስላሳው አካል ይዞት ይቆያል። ሲሳልም ድንጋዩ የሚታገለው ከቀጭኑ ጠንካራ ብረት ጋር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይስላል። እንጨት ለሚቀርጽና ቢላውን በየቀኑ በድንጋይ ለሚስል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱስ? ለስላሳው ጎን ይጫጫራል፤ ካጎበጣችሁትም ጎብጦ ይቀራል። መጣበቁ ደካማ ከሆነ በመስመሩ ይሰነጠቃል። ዋጋውም ያው የምታውቁት ነው። በዚያ ላይ ነጠላ ብረት ላይ በአሲድ ወይም በሌዘር መስመርና ማዕበል ሥለው "ድርብ ነው" ብለው የሚሸጡ አሉ። እውነተኛው መስመር ጠንካራው ብረት መሀል ከሆነ በሁለቱም ጎን አለ፣ በጀርባው በኩል ሲያዩትም ብዙውን ጊዜ ንብርብሩ ይለያል፣ ተስሎ ተስሎም አይጠፋም።

ነጠላው ሲሠራም ሲጠገንም ቀላል ነው። ምላጩ ከ10 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ቢላ ደግሞ የመሰበር አደጋው ትንሽ ነው። አጭር ነገር በቀላሉ አይሰበርም። ድርብ የተፈለገበት ዋና ምክንያት ለትንሽ ቢላ ከቁጠባ በቀር ብዙም አይሠራም ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ድምፅ በደንብ ለተሠራ ነጠላ ነው። ሸክሙ ያለው ግን "በደንብ ለተሠራ" የሚለው ላይ ነው።

ነጠላ ሁሉ አንድ አይደለምና መጀመሪያ "ከምን ብረት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከፌሮ ከሆነ ተዉት፤ ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ምን ቢያግሉትና ቢነክሩት በቅጡ አይጠነክርም። በበዓል ገዝታችሁ ለበዓል የማይደርስ ቢላ እርሱ ነው። ከሞረድ ከሆነ ከመቶ 1 በላይ ካርቦን ሊኖረው ይችላል፤ ስለቱ ግሩም ነው፣ ነገር ግን በቂ ካልለሰለሰ ሲወድቅ ይከፈላል። ከኩሽኔታ የተሠራም እንዲሁ ጠንካራ ነው፤ ሥራው ግን እጅ ይፈልጋል። ባሌስትራ መሀል ላይ ያለ አስታራቂ ነው። ያገለገለ ባሌስትራ ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ምላጩን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት፤ በጥፍር ምቱትና አድምጡት። ጥርት ያለ ድምፅ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሞረድ ካገኛችሁ ስለቱ ላይ በቀስታ ሳብ አድርጉ። የሚያንሸራትት ከሆነ ጠንክሯል፤ እንደ ቅቤ የሚበላው ከሆነ ውሃ አልጠጣም፣ ወይም እንዲያው ለይስሙላ ጠጥቷል። ብየዳ ቤት ያለ ወዳጅ ካላችሁም ምርጫ አለ። ብረቱ መሳያ ማሽን ላይ ሲነካ ብልጭታው እንደ አበባ ከተበተነ ካርቦን አለው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ጥቂት አበባ ያለው ከሆነ ለስላሳ ነው።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ብረቶች ይዝጋሉ። የአገር ቤቱም፣ አብዛኛው ድርብም። ሎሚ ከቆረጣችሁበት ወዲያው እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ነካ አድርጉት። ውሃ ውስጥ ሲያድር ለማይዝግ ቢላ የምትሆነው የቻይና የማይዝግ ብረት ናት፤ እርሷም የራሷ ሥራ አላት፣ አንንቃትም።

ስም ይጻፍ

የመጨረሻ ሐሳባችን የግዢ ምክር አይደለም። ብረት ሠሪው ዘንድ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ምልክትህን ብታደርግበትስ?" በሉት። ሁለት ፊደል ብትሆን፣ አንድ ነጥብ ብትሆን። ከመርፌ ትንሽ ከፍ ባለ ብረት፣ ብረቱ ሳይጠነክር በፊት በአንድ መዶሻ ምት የምትቀረጽ ነገር ናት። ወጪ የላትም።

ምልክቱ ካለ የዶለዶመባችሁ ሰዎች ወደ እርሱ ተመልሳችሁ ትወቅሱታላችሁ። የተሳለላችሁ ደግሞ ጎረቤታችሁን ወደ እርሱ ትልካላችሁ። ያኔ ቢጫዋን ቀለም የጠበቀው ካልጠበቀው ይለያል፤ ዋጋውም ይለያል። ዐፄ ምኒልክ በአዋጅ የጀመሩትን ገበያው በፊደል ይጨርሰው ይሆናል።

ስዊድን በፋብሪካዋ ስም ትሸጣለች፤ ጃፓን በባለሙያው ስም ትሸጣለች። እኛ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ የብረቱን አገር ስም ስንጠራ ኖረን የሠሪውን ስም ዘለልነው። የሕንድ አልን፣ አረብ አልን፣ ባሌስትራ አልን፣ ጀርመን ነው አልን። አቃቂ ያለው ሰውዬስ ስሙ ማን ነው?

ካወቃችሁት ንገሩን። የእኛ ቢላ ዶልዱሟል።